ከጀበናው ጎን የተጣደ ሥር፦ የተቆላ ሥር ሻይ በደሴ ቤቶች

አክስቴ ቡና ከተከለከሉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሌሊት ሌሊት ልባቸው እየደለቀ እንቅልፍ ሲነሳቸው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለክቶ ክኒን አዘዘላቸውና «ቡናውን ይተዉት፣ ጨውም ይቀንሱ» አላቸው። ክኒኑን ያለ ክርክር ተቀበሉ። የጨዉም ነገር እንደምንም ሆነ። ቡናው ግን ከበዳቸው። ደሴ ላይ፣ ያውም ሆጤ ሰፈር አርባ ዓመት ጎረቤት ጠርቶ ላስተናገደ ሰው፣ ቡና መተው አንድ መጠጥ መተው ብቻ አይደለም። ቄጠማው ከተጎዘጎዘበት፣ እጣኑ ከሚጤስበት፣ ዱዓ ከሚደረግበት ቦታ መነሣት ነው። አክስቴ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ግን ሌላው አቦሉን ሲቀበል እሳቸው ሙቅ ውኃ በስኒ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ማየቱ ያሳዝናል።

ባለፈው ሰሞን የበኩር ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ አንድ ከረጢት ይዞላቸው መጣ። ውስጡ ቡና የሚመስል ዱቄት ነው፤ ሲሸትቱት ግን የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ከረጢቱ ላይ ከተቆላ ሥር የተዘጋጀና ካፌይን የሌለው ሻይ መሆኑ ተጽፏል። ከጽሑፉ በታች ደግሞ ስኳር እንደሚያወርድ፣ ግፊት እንደሚያስተካክል፣ ጉበት እንደሚያጸዳ፣ ውፍረት እንደሚቀንስ የሚገልጽ ረጅም ዝርዝር አለ። የምግብ ሳይንስ ስለተማርኩ ቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወደ እኔ ነው የሚያመጣው። አክስቴ ከረጢቱን አቀበሉኝና ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይጠጣል ወይ?» አሉኝ መጀመሪያ። ቀጥለው ደግሞ «ይኼን ከያዝኩ ክኒኑን ልተወው?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። ሁለተኛው ግን አስደነገጠኝ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። ይህን የሚጠይቁት አክስቴ ብቻ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ቁልቁል በሐረጎ ወርደን ኮምቦልቻ ድረስ፣ የተቆላና የተፈጨ ሥር በሱቅም በስልክ ቡድኖችም ሲሸጥ እያየሁ ነው። አንዳንዱ በደንብ የታሸገና የተሠራበት አገር የተጻፈበት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በፌስታል ተቋጥሮ «የሥር ሻይ» ከመባል በቀር ሌላ ስም የለውም።

ለምን አሁን በዛ ብንል፣ አንዱ ምክንያት ያው ቡናው ራሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ብር ከዶላር አንጻር ረከሰ። በብራዚል በደረሰው ድርቅ ሳቢያ ደግሞ የካቲት 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ በአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ የምትጠጣ ናት። ውጭ ሲወደድ ለላኪው ደስታ ነው፤ ቤት ውስጥ ለምትቆላው እናት ግን ጭንቀት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ስኳርና ግፊት በየቤቱ መግባታቸው ነው። ቡና ተወደደ፣ ቡና ተከለከለ፤ በዚህ ክፍተት ነው ሥሩ የገባው።

አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ ያለው የቺኮሪ ሥር ነው። ቺኮሪ ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ፣ ረጅምና ወፍራም ሥር ያለው ተክል ነው። ከሰላጣ፣ ከኑግ፣ ከአደይ አበባና እኛ ለጭስ ከምንጠቀምበት ቀበርቾ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ሥሩ ይነቀላል፣ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደ ቡና ይቆላል። በአንዳንድ ከረጢት የዳንዴሊዮን ሥር፣ ጃፓኖች ቆልተው እንደ ሻይ የሚጠጡት የበርዶክ ሥርም ይገኛል። ሦስቱም የሚቀራረብ ባሕርይ አላቸው። እኔ ግን ብዙ ጥናት በተደረገበት በቺኮሪው ላይ አተኩራለሁ።

ታሪኩ ሁሌም ከቡና እጦት ጋር የተያያዘ ነው። በዛሬዪቱ ጀርመን አካባቢ የነበረችው የፕሩሺያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1777 ሕዝቡ ለቡና ብሎ ገንዘቡን ወደ ውጭ ማፍሰሱን ትቶ ቢራ እንዲጠጣ አዋጅ አስነገረ። እ.ኤ.አ. በ1781 ደግሞ ቡና መቁላትን የመንግሥት ብቻ አደረገው። ተደብቆ የሚቆላውን ለመያዝ በየመንገዱ እየዞሩ የቡና ሽታ የሚያሸቱ ጡረተኛ ወታደሮች ተቀጠሩ። (የእኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ አንድም ቤት አይተርፍም ነበር።) ሕዝቡ ፊቱን ወደ ቺኮሪ አዞረ። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 የእንግሊዝን ንግድ ከአውሮፓ ሲዘጋ ፈረንሳይም የቡና መርከብ ቀረባትና ሥር መቁላት ጀመረች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የኒው ኦርሊንስ ወደብ ሲታገድ እዚያም እንዲሁ ሆነ። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቡናው ተመልሶ ሲመጣ እንኳ ሰዎቹ ሥሩን አልጣሉትም፤ ኒው ኦርሊንስ እስከ ዛሬ ቡናና ቺኮሪ ቀላቅላ በወተት ትጠጣለች። በደቡብ ሕንድና በደቡብ አፍሪካም ቅይጡ የዕለት ተዕለት መጠጥ ነው። በችግር ጊዜ የገባ ጣዕም፣ ችግሩ ካለፈ በኋላ የቤት ልጅ ሆኖ ቀረ።

በአውሮፓ ባህል የቺኮሪ ሥር ለምግብ አለመፈጨት፣ ለሐሞትና ለጉበት፣ ለሆድ ድርቀት ሲጠጣ ኖሯል። ምሬቱ ምራቅና የሆድ ዕቃ ፈሳሾችን ያነቃቃል የሚለው እምነት፣ እኛ ከምግብ በፊት መራራ ቀምሰን «ሆዴን ከፈተልኝ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። «ጉበት ያጸዳል» የሚለው የከረጢቱ ቃልም ከዚሁ ልማድ የተወሰደ ይመስለኛል። ጉበት ግን እንደ ጀበና ታጥቦ የሚጸዳ ዕቃ አይደለም። ራሱ አጣሪ ነው። የሚጎዱት በሀገራችን እንደ ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና አልኮል ያሉት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የሚመልስ ሻይ የለም።

ወደ ሥሩ ውስጥ እንግባ። የደረቀ የቺኮሪ ሥር ከግማሽ በላዩ ኢኑሊን የሚባል ነገር ነው (የስኳር መድኃኒቱ ኢንሱሊን አይደለም)። ኢኑሊን የፍሩክቶስ ስኳር ሰንሰለት ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ የተያያዘበትን መንገድ የሰው ሆድ ሊፈታው አይችልም። ስለዚህ ሳይፈጭ ትንሹን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉ ጠቃሚ ተህዋስያን ይበሉታል። እነሱ ሲበሉት የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ይፈጠራሉ፣ ሆድም ይለሰልሳል። ይኼ ወሬ አይደለም። የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 በቀን 12 ግራም የቺኮሪ ኢኑሊን የሚወስድ ሰው ሆዱ በተሻለ ሁኔታ እንደሚሠራ ተቀብሏል። በቀን 10 ግራም ገደማ ለሳምንታት የወሰዱ የስኳር ሕመምተኞችም ምግብ ሳይቀምሱ የተለካ የደም ስኳራቸው በመጠኑ ቀንሶ ታይቷል። በመጠኑ ነው፤ ያውም ከመድኃኒታቸው ጋር።

ታዲያ ከረጢቱ እውነቱን ተናግሯል ማለት ነው? አልተናገረም። ስሌቱን በአክስቴ ስኒ ላይ እንሥራው። አንድ ስኒ ለማፍላት የሚገባው ዱቄት 3 ግራም ቢሆን ነው። ግማሹ ኢኑሊን ነው ብንል 1.5 ግራም ይወጣዋል። ይኼም የበዛ ግምት ነው። ሥሩ ሲቆላ ኢኑሊኑ ይሰበራልና ከፊሉ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩ ደግሞ ይጠቁራል። ያ ቡናማ ቀለምና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ከየት መጣ ካላችሁ፣ የጠፋው ኢኑሊን ነው። ከቀረውም ውስጥ አተላው ጋር የሚቀር አለ። ምንም ሳይጠፋ ሁሉም ስኒው ውስጥ ገባ ብንል እንኳ 12 ግራም ለመድረስ 8 ስኒ ያስፈልጋል። ጥናቶቹ የተሠሩት ከሥሩ ተለይቶ በወጣ ኢኑሊን ነው፤ ነጋዴው ግን የዚያን ጥናት ውጤት በሌላ ነገር ላይ ለጥፎ ይሸጣል። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ስለ ሥሩ የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገዢው የሚጠጣው ግን ሌላ ነው።

የሚያስቆጨኝ ሌላም አለ። ኢኑሊን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። 100 ግራም ነጭ ሽንኩርት ከ9 እስከ 16 ግራም ኢኑሊን አለው። 100 ግራም ሽንኩርት ደግሞ ከ1 እስከ 7 ግራም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ቁሌት የገባበትን ወጥ አምስት ሰው ቢበላው፣ ረጅም ሰዓት መቁላላቱ ከሚሰብረው በፊት ለእያንዳንዱ ከ2 እስከ 14 ግራም የሚሆን ነበረው ማለት ነው። አንዲት ስኒ የሥር ሻይ ከዚህ ጋር አትወዳደርም።

ከሽንኩርቱም ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ከረከቦቱ አጠገብ ባለው ሳህን ላይ ነው። ቆሎው ላይ። የወሎ ደጋ፣ ለጋምቦም ሆነ ወረኢሉ፣ የገብስ አገር ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው፤ በቀን 3 ግራም ከእሱ ማግኘት ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ አሜሪካም አውሮፓም ተቀብለው በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ገብስ ከመቶው ከ4 እስከ 7 እጁ ቤታ ግሉካን ስለሆነ ሁለት ጭብጥ ያህል ቆሎ ወይም ያንኑ ያህል ገብስ የገባበት በሶ ለዚያ ይበቃል። አክስቴ በቡናቸው ሰዓት ጤና ከፈለጉ ጤናው ያለው ስኒው ውስጥ ሳይሆን ቡና ቁርሱ ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «እንግዲያው ብላ» ማለታቸው ነበር።

ስለ ሥሩ ሻይ የምግብ ይዘት በአጭሩ ስንናገር፣ ያለ ስኳር የተጠጣ ስኒ ጉልበት የሚሰጥ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ማዕድን አለው፤ ቫይታሚን ፍለጋ የሚጠጣ አይደለም። በጣም ዋነኛው ነገር የሌለው ነገር ነው። ካፌይን የለውም። ይኼን አቅልለን አንየው። ካፌይን ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በእርግዝና መጨረሻ ላይ ያለች ሴት ውስጥ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣ በረካ እኩለ ሌሊት ላይም ግማሹ ይዞራል። ልቡ የሚደልቅበት ሰው፣ እንቅልፍ የራቀው ሽማግሌ፣ እርጉዝ ሴት ቡናው በሚፈላበት ቤት ከሌላው እኩል የሚጠጡት መራራና ጥቁር ነገር ቢያገኙ ትልቅ ነገር ነው። የሥሩን ዋጋ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ግን ይህን አንድ እውነት በትንንሽ ፊደል ጽፎ የውሸቱን ዝርዝር አጉልቶታል።

ስለ ጉዳቱም ሳልናገር አላልፍም። ስታርችና ስኳር ያለበት ነገር ከ120 ዲግሪ በላይ ሲቆላ አክሪላማይድ የሚባል ነገር ይፈጠራል። በምግብ ውስጥ መኖሩን የስዊድን ሳይንቲስቶች ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው መካከል ያስቀምጠዋል። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ደንብ ለተቆላ ቡና ያስቀመጠው መለኪያ በኪሎ 400 ማይክሮግራም ነው። ከእህል ብቻ ለተሠራ የቡና ምትክ 500። ለቺኮሪ ደግሞ 4,000። ከቡናው አሥር እጥፍ ነው። ይኼ ቺኮሪውን ለመፍቀድ የላላ ደንብ ሳይሆን፣ የሥሩ ተፈጥሮ ሲቆላ ይህን ያህል ስለሚያመነጭ የተቀመጠ ልክ ነው። በ3 ግራም ሲሰላ በስኒ 12 ማይክሮግራም ይሆናል፤ በዚያው ደንብ መለኪያ 16 ግራም የድንች ቺፕስ የሚይዘውን ያህል። አንድ ሁለት ስኒ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ስለ ኢኑሊኑ ብሎ 8 ስኒ የሚጠጣ ሰው፣ የሚፈልገውን ሳያገኝ የማይፈልገውን እየሰበሰበ ነው።

በዚህ መለኪያ ከተነሣን ደግሞ የተቆላ ገብስ ከሥሩ ይሻላል። ጃፓኖችና ኮርያውያን ገብስ ቆልተው በውኃ አፍልተው ይጠጣሉ፤ ጣሊያኖችም እንደ ቡና ያፈሉታል። እኛ ዘንድ ገብስ ከቡና ጋር መቀላቀል ስሙ መጥፎ ነው፤ ነጋዴው ለማትረፍ የሚያደርገው ማጭበርበር ሆኖ ስለምናውቀው። ሳይደበቅ፣ ገብስ ነው ተብሎ የሚፈላ ገብስ ግን ማጭበርበር አይደለም። እናቴ ቡና የጠፋ ቀን ገብስ ትቆላ ነበር፤ እስኪጠቁር ሳይሆን ቀይ ዳማ እስኪሆን። ጥቂት ቅርንፉድ ጣል ታደርግበታለች። ቡና ነው ብላ ያታለለችን አንድም ቀን አልነበረም። «ዛሬ ገብስ ነው፤ ነገ አላህ ያውቃል» ትል ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ በፌስታል የሚሸጠው ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሱቅ ገብቼ «ይኼ የምን ሥር ነው?» ብዬ ስጠይቅ ባለሱቁ በቅን ልቦና «ከገጠር ያመጡልኝ ናቸው፣ ለስኳር ጥሩ ነው አሉኝ» አለኝ። የተፈጨ ነገር ፊት የለውም። ሥር ከተቆላና ከተፈጨ በኋላ ምን እንደነበረ በዓይን የሚለይ ባለሙያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የበርዶክ ሥር ሻይ የጠጡ ሰዎች ተመርዘው ሆስፒታል የገቡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሻዩ ውስጥ አትሮፒን የሚባል መርዝ ያለው ሌላ ተክል ተቀላቅሎ ነበር። እኛ አገር የዚያ መርዝ ቤተሰብ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የምንለው ነው። አፍ ከደረቀ፣ የዓይን ብሌን ከሰፋና ማየት ከደበዘዘ፣ ልብ ከፈጠነ፣ ሰው መቀባዠር ከጀመረ ስለ እሱ ነው የምናስበው፤ ጊዜ ሳይሰጡ ሆስፒታል መሮጥ ነው፣ የተረፈውን ዱቄትም ይዞ።

ቺኮሪ መሆኑ የተረጋገጠውም ቢሆን ለሁሉም አይሆንም። አበባ ሲፈካ አፍንጫቸው የሚፈስ፣ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ሰዎች ከዚህ ቤተሰብ ተክል አለርጂ ሊነሣባቸው ይችላል። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው። ሆዱ የሚነፋና ጋዝ የሚያስቸግረው ደግሞ ኢኑሊን ይብስበታል፤ ተህዋስያኑ ሲበሉት የሚያወጡት ጋዝ ነውና። እርጉዝ ሴት አልፎ አልፎ አንድ ስኒ እንደ መጠጥ ከሆነ እንጂ እንደ መድኃኒት በብዛት መጀመር የለባትም።

የስኳርና የጨውንም ነገር እናንሣ። የሥሩ ሻይ ስለሚመር ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምርበት አለ፤ «ስኳር ያወርዳል» ተብሎ የተገዛ ሻይ። ወሎ ገጠሩ ደግሞ ቡናውን በጨው ይጠጣል፤ ይኸው ልማድ ወደ ሥሩም ይዞ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ወጡም፣ ዳቦውም፣ በርበሬውም ተደምሮ። ግፊት ላለበት ሰው ከቡናው ካፌይን ይልቅ ቡናው ውስጥ የሚገባው ጨው ሊያስጨንቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ወደ አክስቴ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ። ክኒኑን መተው? በፍጹም። የግፊት ክኒን ሰው ደህና ሲሆን የሚጣል አይደለም፤ ደህና የሆነው ክኒኑን ስለወሰደ ነው። ድንገት ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ አንዳንዱ ዓይነት መድኃኒትማ ሲቆም ከበፊቱም በላይ ያስወጣል፤ ውጤቱ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒት ላይ ያሉም እንዲሁ። ግፊት ደግሞ ምልክት ስለማያሳይ ሰው ሻዩን እየጠጣ «ደህና ነኝ» ይላል። በዚህ ምክንያት አንድ እጁ ሽባ የሆነ ጎረቤት ነበረን፤ ክኒኑን ለሌላ ቅጠል ሲል የተወው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒት ለየብቻቸው ይታያሉ። መድኃኒት ነኝ የሚል ዱቄት እንደ መድኃኒት ይመርመር፤ ሻይ ነኝ የሚል ሻይ ብቻ ይሁን። ገዢውም ከረጢት ሲያነሣ የአምራቹን ስም፣ የተክሉን ስም፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይፈልግ። «ሁሉን ያድናል» የሚል ከተጻፈበት መልሶ ያስቀምጠው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአክስቴን ከረጢት አልጣልኩትም። ቺኮሪ መሆኑ ተጽፎበታል፤ አምራቹም ተገልጿል። ውኃ አፍልቶ ላዩ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ በጀበና ቢፈላ ይሻላል ብዬ ትንሿን ጀበና አወጣን። አንድ ማንኪያ ለአንድ ስኒ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ገንፍሎ፣ ማቶቱ ላይ አርፎ አተላው ከሰከነ በኋላ። በመጀመሪያ መረራቸው። ቁንጥር ቀረፋ ስንጨምርበት ለሰለሰ። ጨው አልተጨመረም፤ እጃቸው ወደ ጨው ዕቃው ሲሄድ አየሁና ዕቃውን ወደ እኔ አቀረብኩት። ቡና በታሪክ ከወሎ ሙስሊሞች ዱዓ ጋር የተቆራኘ ስለነበር በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ይነቀፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በእኛ ሰፈር ከአንዱ ረከቦት ዙሪያ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ያ ቦታ ለአክስቴ እንዲመለስላቸው ነበር ፍላጎቴ።

አሁን ሁለት ጀበና ይጣዳል። ትልቁ ለጎረቤት፣ ትንሹ ለእሳቸውና ማታ እንቅልፍ ለሚያስቸግራቸው ለጎረቤታችን። ልጁ ከአዲስ አበባ ሁለተኛ ከረጢት እንዳይልክ ነግሬዋለሁ፤ ይኼኛው ሲያልቅ በገብስ እንሞክራለን ብለናል። ክኒናቸውን ረስተው እንዳይዘሉ ከረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል። ስኒው ሲደርሳቸው መጀመሪያ እሱን ያወጣሉ።